የመንግሥት መኪና ሰው ቢገጭ ዕዳው የማን ነው?

«ሰማይ አይታረስ፤ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር አባቶቻችን። ይህን ተረት የማያውቅ ተማሪ፣ ሲነገርም ሰምቶ ራሱን ያልነቀነቀ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ያለ አይመስለኝም። ሰማዩ ዛሬም አልታረሰም፤ የተረቱ ሁለተኛ እኩሌታ ግን እውነትነቱን ካጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። መንግሥት በፍርድ ቤት ይከሰሳል፤ ይረታል፤ ካሣም ይከፍላል። ዳሩ ግን ይህን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ማወቅ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከማያውቁት ወገን ነው። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን በየቀኑ መንገድ ላይ ስለምናየውና ጉዳቱ ካልደረሰብን በቀር ስለማናስበው ነገር እንነጋገር፤ ይኸውም የመንግሥት መኪና በሰው ላይ አደጋ ሲያደርስ ዕዳው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እናብጅ። አንድ የቀን ሠራተኛ፣ የአራት ልጆች አባት፣ ማታ ከሥራው ሲመለስ መንገድ በማቋረጥ ላይ ሳለ የአንድ መሥሪያ ቤት ጂፕ ይገጨዋል። ሰውዬው ሆስፒታል ደርሶ በማግሥቱ ይሞታል። ሾፌሩም ይያዛል። ሚስቲቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳለች። አሁን ማንን ትጠይቅ? ሾፌሩን ብትጠይቅ፣ በደመወዙ የገዛ ልጆቹን ከወር እስከ ወር ማድረስ ያቃተው ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱን ብትጠይቅ፣ «እኛ ሰው ግጭ ብለን አላዘዝነውም» ይሏታል። መንግሥትን ልጠይቅ ብትል፣ መንግሥት በየትኛው በር እንደሚገኝ አታውቅም። በዚህ መካከል እድሩ ድንኳኑን ይነቅላል፤ ለቀስተኛውም ወደየቤቱ ይመለሳል፤ አራቱ ልጆች ግን እንጀራ መጠየቃቸውን አያቆሙም።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ ጥያቄ የተነሣው በእኛ አገር ብቻ እንዳይመስልህ። ሌሎችም ሕዝቦች ብዙ ተከራክረውበታል፤ የእኛም ሕግ ከእነርሱ ክርክር የተማረው ነገር ስላለ አስቀድመን እነርሱን እንመልከት። የምጠራቸው የውጭ አገር ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1871 ዓ.ም. ቦርዶ በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ የመንግሥት ትምባሆ ፋብሪካ ሠራተኞች የሚገፉት ጋሪ አንዲት የአምስት ዓመት ተኩል ሕፃን ጥሎ እግሯ ላይ ሄደባት፤ እግሯም ተቆረጠ። የቤንዚን መኪና ገና አልተሠራም ነበር። የልጅቱ አባት ግን ጋሪው የመንግሥት ነው ብሎ ዝም አላለም፤ መንግሥትን ከሰሰ። በ1873 ዓ.ም. የተሰጠው ውሳኔ በቤተ ሰቡ ስም የብላንኮ ፍርድ እየተባለ እስከ ዛሬ በሕግ ትምህርት ቤቶች ይጠናል። ፍርዱም፣ መንግሥት ሠራተኞቹ ላደረሱት ጉዳት ሊጠየቅ ይችላል፤ ነገር ግን የሚጠየቀው ተራው ሰው በሚጠየቅበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ሳይሆን ለብቻው በተለየ ሥርዓት፣ በአስተዳደር ፍርድ ቤት ነው የሚል ነበር። ልጅቱም በመጨረሻ የዕድሜ ልክ ጡረታ ተቆረጠላት። እንደዚህ ያለው መለያየት ግን መኪና በበዛበት ዘመን አላስኬደም፤ ለአንድ ዓይነት አደጋ ሁለት ዓይነት ፍርድ ቤት መኖሩ ሰውን አንከራተተ። ስለዚህ ዲሴምበር 31 ቀን 1957 ዓ.ም. በወጣ ሕግ መኪናው የመንግሥትም ይሁን የግል፣ የመኪና አደጋ ካሣ በተራው ፍርድ ቤት እንዲታይ፣ በሥራ ላይ ስላለ ሠራተኛም መንግሥት ራሱ እንዲጠየቅ ሆነ።

እንግሊዞች ደግሞ «ንጉሥ ጥፋት አይሠራም» የሚል፣ ከእኛ ተረት ጋር የሥጋ ዝምድና ያለው አባባል ነበራቸው። እስከ 1947 ዓ.ም. ድረስ የመንግሥት መኪና የገጨው እንግሊዛዊ ዘውዱን በካሣ ሊከስ አይችልም ነበር። ሊከስ የሚችለው ሾፌሩን ነው፤ ሾፌሩ ሲፈረድበትም መንግሥት ብዙ ጊዜ በፈቃዱ ይከፍልለት ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ግን ዘውዱም እንደ ማንኛውም አሠሪ በሠራተኞቹ ጥፋት ይጠየቅ አለ። አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ አስተውል። ከዚያ ቀን በፊትም ገንዘቡ ይከፈል ነበር፤ የተለወጠው ገንዘቡ ሳይሆን ስሙ ነው። ድሮ ችሮታ ይባል የነበረው መብት ሆነ። ችሮታ ደጅ ያስጠናል፤ እጅ ያስነሣል፤ መብት ግን በቀጠሮ ቀን ችሎት ፊት ቀና ብሎ ያስቆማል።

ሦስተኛው ምሳሌ ከህንድ ነው፤ ለእኛም ከሁሉ ይልቅ ይቀርባል። በራጃስታን ግዛት፣ ኡዳይፑር በሚባል ከተማ፣ ለአውራጃው ሹም ሥራ የተመደበ ጂፕ ከጥገና ሲመለስ በእግረኛ መንገድ ላይ ይሄድ የነበረን ሰው ገጨው፤ ሰውዬውም ሞተ። ሚስቱና ትንሽ ሴት ልጁ ግዛቱን ከሰሱ። ግዛቱም፣ ጂፑ ለመንግሥት ሥልጣን ሥራ የተያዘ ነውና አልጠየቅም ብሎ እስከ አገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ በ1962 ዓ.ም. ይግባኙን አልቀበልም አለ። ከጥገና ቤት የሚመለስ ጂፕ የማንም ይሁን ጂፕ ነው፤ በሌላ ሰው ሾፌር ጥፋት ሌላው አሠሪ የሚጠየቅ ከሆነ መንግሥት የማይጠየቅበት ምክንያት የለም ሲል ፈረደ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ረቂቁን ያሰናዳው ሬኔ ዳቪድ የተባለ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ነው። የሕጉ አንዳንድ ክፍሎች በኋላ በሌሎች ሕጎች ተተክተዋል፤ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት የተጻፈው ክፍል ግን ዛሬም ይሠራበታል። በዚህ ሕግ አንቀጽ 394 መንግሥት በሕግ ፊት እንደ ሰው የሚቆጠር መሆኑ ተነግሮአል። ይህን በክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪዎቼ ይሥቃሉ፤ «ታዲያ ልደቱ መቼ ነው?» ያለኝም አለ። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። ሰው ነው ማለት ሀብት ሊኖረው ይችላል፤ ዕዳም ሊኖርበት ይችላል ማለት ነው። ሀብት አለኝ የሚል ሁሉ ዕዳንም ሊቀበል ይገባዋል።

ያች መበለት በዚህ ሕግ ውስጥ ሁለት በሮች አሏት። አንደኛው በር አንቀጽ 2126 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ቢያደርስ ራሱ ይጠየቃል። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት የሆነ እንደ ሆነ ግን ተጎጂው ካሣውን ከመንግሥት ሊጠይቅ ይችላል፤ መንግሥትም ከፍሎ ሲያበቃ ከሠራተኛው ለመጠየቅ ይችላል። ጥፋቱ የግል ጥፋት ከሆነ መንግሥት አይጠየቅም። የሥራ ጥፋትና የግል ጥፋት በምን ይለያሉ? የሚቀጥለው አንቀጽ፣ 2127፣ ይመልሰዋል፤ ሠራተኛው በሥልጣኑ ክልል ውስጥና ለመንግሥት ጥቅም መሥራቱን በቅን ልቡና አምኖ ካደረገው የሥራ ጥፋት ነው፤ ካልሆነ የግል ጥፋት ነው። ከዚህም በላይ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ሠራተኛው ቅን ልቡና እንዳለው ይቆጠራል።

ሁለተኛው በር አንቀጽ 2081 ነው፤ ይህም በር ከመጀመሪያው ይሰፋል። ሕጉ፣ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን የነዳው ለመንዳት ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። ባለቤቱ የሚያመልጠው መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደ ነበር ሲያስረዳ ነው። አንቀጽ 2086 ደግሞ ባለቤቱ «እኔ አላጠፋሁም»፣ «ልከለክለው አልችልም ነበር»፣ «ምክንያቱ አልታወቀም» ወይም «ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው» ብሎ ሊያመልጥ እንደማይችል ይነግረናል። ኃላፊነቱ የሚቀረው ወይም የሚቀነሰው ተጎጂው ራሱ ሲያጠፋ ነው። እንግዲህ ሕጉን እንደ ተጻፈ ላነበበው፣ «ባለቤት» ሲል የግል ባለቤትና የመንግሥት ባለቤት ብሎ አልለየም። ለብዙ ዓመታት ኮድ 4 እየተባለ ይታወቅ የነበረው የመንግሥት ሰሌዳ ለመኪናው መታወቂያ ነው እንጂ ከዕዳ ነጻ የሚያወጣ ወረቀት አይደለም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ የሚቃወም አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። «የመንግሥት ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ በአንድ ሾፌር ጥፋት ሕዝቡ ለምን ይከፍላል?» ይላል። ጥያቄው መልካም ነው። መልሱን ግን ከሩቅ አገር መፈለግ አያሻንም፤ በየሰፈራችን ካለው እድር እናገኘዋለን። በእድር ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን ሐዘን ሁሉም ጥቂት ጥቂት አዋጥቶ ይሸከመዋል። ያ ጂፕ መሐንዲስ ይዞ፣ ክትባት ጭኖ፣ የግብር መዝገብ ተሸክሞ የሚሮጠው ለሁላችን ነው። የሩጫውን ጥቅም ሁላችን ተካፍለን ስናበቃ የሩጫውን ጉዳት አንዲት መበለት ብቻዋን ትቻለው ማለት ፍርድ ሊባል አይችልም።

ሌላውም፣ «መንግሥት የሚከፍልለት ሾፌር ጥንቃቄ ያጣል» ይላል። ካሣ መክፈልና መቀጣት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መንግሥት ካሣ ቢከፍልም ጥፋተኛ ሾፌር በወንጀል ከመጠየቅ አይድንም። ይልቁንም ካሣ የሚከፍል መሥሪያ ቤት ራሱ ጥንቃቄን ይማራል። ጎማው ያለቀ መኪና ለመስክ ሥራ እንዳይወጣ የሚከለክለው፣ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረን ሾፌር «ለሹሙ አስቸኳይ ጉዳይ» ብሎ እንደገና የማይልከው፣ የጥፋቱ ሒሳብ ወደ እርሱ እንደሚመለስ ያወቀ አለቃ ነው። ዕዳው ሁሉ በሾፌሩ ላይ የሚወድቅ ቢሆን ግን አለቃው ስለ ፍሬንም ስለ እንቅልፍም ምን አሳሰበው?

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፤ የምጽፈው ለአንተ ነውና። ነገ ከትምህርት ቤት ወጥተህ፣ ወይም ዛሬውኑ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥረህ፣ የስምሪት ወረቀት የምትጽፍ ሰው ትሆን ይሆናል። አንቺም እንዲሁ ደብዳቤውን የምትጽፊው ታይፒስት ትሆኚ ይሆናል። ሥራው ትንሽ ይመስላል፤ ሾፌሩ ማን ነው፣ የት ሄደ፣ ማን አዘዘው፣ በስንት ሰዓት ወጣ፣ በስንት ሰዓት ገባ ብሎ መመዝገብ ነው። ከላይ እንዳየነው ግን የሥራ ጥፋትና የግል ጥፋት የሚለዩት በአብዛኛው በዚህች ወረቀት ነው። አደጋ የደረሰ ዕለት ማታ አለቃህ ጠርቶህ፣ «ሾፌሩ በዚያን ሰዓት በእኛ ትእዛዝ አልወጣም፤ ለግል ጉዳዩ ነው የሄደው ብለህ ጻፍ፤ መሥሪያ ቤታችንን ከዕዳ ታድነዋለህ» ቢልህ ምን ትላለህ? እርሱ ለመሥሪያ ቤቱ የተቆረቆረ ይመስላል፤ አንተም ዕድገትህ በእጁ ነው።

እንዲህ ያለውን ቃል ከመጻፍህ በፊት ሁለት ሰዎችን አስብ። አንደኛዋ መበለቲቱ ናት። ሁለተኛው በር ክፍት ቢሆንላትም የሐሰቱ ወረቀት ነገሩን ያጣምመዋል፤ ክርክሩን ያረዝመዋል፤ ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌላትን ሴት ዓመት ከዓመት ያመላልሳታል። ሁለተኛው ሾፌሩ ነው። ታዞ በሄደበት ሥራ የግል ጥፋተኛ ተብሎ ዕዳውን ብቻውን ይሸከማል፤ እንዲህ አንድ አደጋ የሁለት ቤት ልጆችን ያስርባል። የታደገው መሥሪያ ቤት ግን ምን አተረፈ? በሐሰት የመንግሥት ሰነድ ማዘጋጀትም ራሱ ወንጀል መሆኑን አትርሳ። በተቃራኒው ሾፌሩ በእውነት መኪናውን ለግል ደስታው ወስዶ ከሆነ፣ ያንንም እንደ ሆነው ጻፍ። ለመበለቲቱ ማዘን ያልነበረ ትእዛዝ ነበረ ለማለት ፈቃድ አይሰጥህም።

በመጨረሻ፣ ጉዳቱ በአንተ ወይም በዘመድህ ላይ የደረሰ እንደ ሆነ ልታውቀው የሚገባህን ባጭሩ ልንገርህ። አንደኛ፣ አደጋው ለፖሊስ ወዲያው ይነገር፤ የፖሊሱ ፕላንና የሐኪሙ ማስረጃ ከብዙ ምስክር ይበልጣሉ። የመኪናውንም ሰሌዳ ጻፍ። ሁለተኛ፣ ካሣ መጠየቂያው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው፤ ጉዳቱ ከወንጀል የመጣና የወንጀሉ ይርጋ ከዚህ የሚረዝም ሲሆን ግን ያ ረጅሙ ጊዜ ይሠራል። ሁለቱን ዓመት በደጅ ጥናት ጨርሶ ክሱን ሲያመጣ ጊዜህ አልፎአል የሚባለው ብዙ ነውና፣ ሽማግሌ ብትልክም ቀኑን ቁጠር። ሦስተኛ፣ ሾፌሩ በወንጀል ክስ ነጻ ቢወጣ ካሣው ቀረ ማለት አይደለም፤ አንቀጽ 2149 የካሣው ዳኛ በወንጀሉ ነጻ መለቀቅ አይገደድም ይላል። አራተኛ፣ ሟቹ የሞተ እንደ ሆነ ሚስት ወይም ባል፣ ወላጆችና ልጆች ለደረሰባቸው የኑሮ ጉዳት በቀለብ መልክ መጠየቅ ይችላሉ።

አምስተኛ፣ በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ተሽከርካሪዎች ለሦስተኛ ወገን መድን እንዲገቡ ያስገድዳል፤ በአደጋ የተጎዳ ሰውም አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጎአል። የመድኑ ክፍያ ግን በሕግ የተወሰነ ልክ አለው፤ ጉዳቱ ከዚያ ከበለጠ የቀረው ከኃላፊው ይጠየቃል። ስለዚህ የመድን ገንዘብ ተቀብያለሁና ሁሉ አበቃ ብለህ ሳታነብ አትፈርም። ስድስተኛ፣ ካሣው ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን የሚለው ሕግ ለኅሊና ጉዳት ሲደርስ ግን እጁን ይሰበስባል፤ አንቀጽ 2116 ለእንባው የሚሰጠው ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖአል። ያ ቁጥር በ1952 ዓ.ም. ሲጻፍ ከባድ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ላነበበው ምን ያህል እንደ ሆነ ገበያ ደርሶ የመጣ ሁሉ ያውቀዋል። ሕግ አውጪዎች ሊያስቡበት የሚገባ ነገር ይህ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ «የመንግሥት ነው» የሚለው ቃል በአገራችን ብዙ ጊዜ «የማንም አይደለም» ማለት ሆኖ ይሰማል። የመንግሥት ወንበር ሲሰበር፣ የመንግሥት መብራት ቀን ሲበራ ሲውል ይኸንኑ እንላለን። ለወንበርና ለመብራት እንኳ መልካም ልማድ አይደለም። በመንግሥት መኪና ለተገጨው ሰው ሲሆን ግን የልጆቹ እራት በዚህ ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ የሚቀጥለውን የስምሪት ወረቀት ስትሞላ ሰዓቱን በትክክል ጻፍ፤ ያዘዘውንም ሰው ስም ሳትዘል ጻፍ። እስከ ሳምንት ደኅና ሰንብት።